ወንድሜን መሐንዲስ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ቤቱ በሙሉ ተኝቷል፣ የነቃሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የካርቱሙ ካፉሪ ከቀትር በኋላ ጸጥ ሲል ሰው ለቅቆት የሄደ ሰፈር ይመስላል፣ ውሻው እንኳ መኪናው ሥር ገብቶ ምላሱን አውጥቶ ተዘርሯል፣ ሱዳኖቹ ቀይሉላ ይሉታል፣ የቀትር እንቅልፍ፣ እኔ ግን ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ በቀን መተኛት አልለመድኩም፣ ዛሬ ደግሞ ልልመድ ብልም የሚያስተኛ ነገር የለም፣ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ማራገቢያው ከራሴ በላይ ቆሞ ያየኛል፣ ጄነሬተሩ ናፍጣ ስላነሰ ተቆጥቦ ለምሽት ነው፣ እናም ወለሉ ላይ ውሃ ደፍቼ እላዩ ላይ ተጋድሜያለሁ፣ ውሃው ሞቀ፣ ቀጥሎም ደረቀ፣ እኔ የዐስር ሶላት እስኪሰገድ እጠብቃለሁ። ዐስር ሲደርስ የቤቱ ጌታ ኡስታዝ ሂሻም ይነሣል፣ ይሰግዳል፣ በረንዳ ወጥቶ ሻዩን ይጠጣል፣ ከዚያ ስልኬን ይዤ እንድመጣ ነግሮኛል። "ለወንድምሽ ለመሐንዲሱ እንደውልለታለን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ" ነው ያለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ብሎ የሚጀምር ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ኖሮት አያውቅም። ጥያቄው ደግሞ ይህ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የሚመጣው የመብራት መስመር በእውነት ተበላሽቶ ነው ወይስ አጥፍታችሁብን ነው? አጥፍታችሁብን አለኝ፣ እኔንም ጨምሮ። ድስት እያጠብኩ ነበር፣ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነው፣ እናቴ ቤት በኩራዝ ይመሻል፣ ካርቱምን ያጨለምኩት ግን እኔ ሆንኩ።

በማን ልፍረድ፣ ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። እዚህ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ወር ማዳም አሚና፣ የሂሻም ሚስት፣ ከጓደኞቿ ጋር ሳሎን ተቀምጣ እኔ ሻይ ሳቀርብ "ለመሆኑ ይቺ ሐበሽያ አገሯ ማን አላት?" አለች፣ እኔን አልጠየቀችም፣ ጓደኞቿን ነው የጠየቀችው፣ እኔ በስለላ ጆሮዬን ቀስሬ ቆሜያለሁ። ኒዕማ ደግሞ አስቀድማ መክራኛለች። ኒዕማ የሐይቅ ሰው ናት፣ ካርቱም ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፣ ሶባ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፣ እኛን የወሎ ልጆች ተቀብላ ሥራ የምታስገባን እሷ ናት፤ "ልጄ፣ ሰው ቤት ስትገቢ ሰው የለኝም እንዳትይ፣ ሰው የሌላትን ሴት እንደፈለጉ ነው የሚያደርጓት፣ ወንድም ከሌለሽ ውለጂው፣ ካለሽ ሹመት ስጪው" ብላኛለች። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ካፉሪ ውስጥ ወንድሟ ሻምበል፣ አጎቷ ዳኛ ያልሆነ የወሎ ልጅ ብትፈለግ አትገኝም፣ የሾምናቸው ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ መንግሥት ያቆማሉ። እኔም ኢሳን ሾምኩት። ኢሳ ታናሼ ነው፣ መተማ መንገድ ላይ ያለ የመብራት ጣቢያ ዘበኛ ነው፣ ዱላና ፊሽካ አለው፣ አጥሩን ይዞራል፣ ፍየል ስትገባ ያስወጣል። "ወንድሜ መሐንዲስ ነው፣ ይህን መብራት ለእናንተ የሚልከው እሱ ነው" አልኩና አምፖሉን በጣቴ አሳየኋቸው። ሴቶቹ ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም ሬሕማ ብላ በስሜ ትጠራኝ ጀመር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፣ የእኔስ እየታወቀኝ ነው ያመለጠው፣ ግን ስለጠቀመኝ ልመልሰው አልፈለግሁም።

ሂሻም የሚሠራው መብራት ከውጭ በሚገዛ መሥሪያ ቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ስለ ነፍሴ እናገራለሁ፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፣ ግን በዚህች ዓለም የሚያምነው ነገር የለም። ሻይ ሳቀርብለት ማንም የሚሰማው ሲያጣ ለእኔ ያወራል። "ያ ሬሕማ፣ ቤንዚን የጫነች መርከብ ወደባችን ፊት ሦስት ሳምንት ቆመች፣ ለምን አታራግፉም ስንል ወረቀት ጎድሏል አሉን፤ እነሱ የፈለጉትን የፈረምን ዕለት ወረቀቱ ተገኘ" ይላል፣ የመርከቧን አገር ስም ሲጠራ ድምፁን ይቀንሳል፣ በገዛ በረንዳው ላይ። "እኛስ ብንሆን? የደቡብ ሱዳኖቹ ነዳጅ በእኛ ቧንቧ ነው የሚያልፈው፣ እንዘጋዋለን ብለን አላስፈራራናቸውም?" ብሎ ይሥቃል። "ቧንቧ በእጁ ያለው መንግሥት ጦር አያዘምትም፣ ቧንቧውን ጠምዘዝ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ብልሽት ነው ይልሻል። ብልሽት ነው ሲሉሽ የተበላሸውን አትመልከቺ፣ በዚያው ሰዓት ሌላው ነገር ይሠራ እንደሆን ተመልከቺ።" እኔ ይህን ለመረዳት መሥሪያ ቤት መግባት አላስፈለገኝም። ማዳም የስኳሩን ቁም ሣጥን ቁልፍ በአንገቷ ነው የምታስረው፣ ደስ ሲላት ትከፍትልኛለች፣ ስትቆጣ ቁልፉ ጠፍቶኛል ትላለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ሲወዛወዝ እያየሁት። አሁን እሑድ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሂሻም ከእነሱ ጋር ይቀመጣል፣ ስለ መስመሩ እየተባለ ስለ ግድቡና ስለ ድንበሩ ይነጋገራሉ፣ እነሱ ብልሽት ነው ብለዋል፣ እሱ መልእክት ነው ይላል። እውነት ለመናገር ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ ነበር ያለኝ። ለካ እኛም ለሰው የምንከለክለው ነገር አለን ብዬ ድስቱን በኩራት ፈተግሁት። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ያፈርኩት በእናቴ ነው። እኛ በሰፈራ ከወሎ የሄድን ነን፣ ድርቁ ሲጠናብን በመኪና ጭነው መተማ በረሃ አወረዱን፣ መንደራችን ስም እንኳ የለው፣ ቁጥር ነው፣ መንደር አራት ይባላል። ያ ወደ ሱዳን የሚሄደው መስመር በእናቴ ጣራ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። ዝናብ ሲመጣ ሽቦው ሲዝ ይላል፣ እማ "ይኸው የሱዳን መብራት እያፏጨብን ሄደ" ትላለች፣ ኩራዟን እየለኮሰች። ስልኳን የምትሞላው ገዛኸኝ የሚባል ባለሱቅ ጋ ነው፣ ጣራው ላይ ሶላር አለው፣ ማክሰኞና ዓርብ በጨርቅ ቋጥራ ትወስድለታለች፣ ማክሰኞና ዓርብ ማታ እደውላለሁ፣ እንዲህ አድርገን ስድስት ዓመት ኖርን። ድምፅዋን ከሰማሁ ግን ሰባት ሳምንት ሊሞላ ነው። ረመዷን ሊገባ ሲል ነው ያቆመችው። ኢሳ ይደውላል፣ "ስልኳ ቻርጅ የለውም እታለም፣ የገዛኸኝ ሶላር ተበላሽቷል" ይላል፣ ለዒድ ደወለ፣ "ዒድ ሙባረክ ብላሻለች፣ ሳል ብቻ ነው ያለባት" አለኝ፣ በአንተ ስልክ አገናኘኝ ስለው ሥራ ቦታ ነኝ ይላል፣ ሁልጊዜ ሥራ ቦታ ነው። ሳሉ አስፈርቶኛል። እማ ሳል ሲይዛት ሰው አታስቸግርም፣ ዝም ብላ ነው የምትከሳው። ሄጄ ላያት ይገባል፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ፓስፖርቴ ግን እንደ ሁላችንም በቤቱ ባለቤቶች ካዝና ውስጥ ነው፣ የገባሁ ዕለት "እንዳይጠፋብሽ" ብለው ተቀበሉኝ፣ እውነትም አልጠፋም፣ እኔ ነኝ ያጣሁት። ለዒድ ልሂድ ብላቸው ማዳም ኢንሻላህ አለችኝ። ኢንሻላህ ብሎ የሚሰጥ ሰው አለ፣ ማዳም ግን ኢንሻላህ ስትል በር ነው የምትዘጋው። ትናንት ሂሻም ጠራኝና "ወንድምሽ እውነቱን ከነገረን ፓስፖርትሽ በእጅሽ ነው፣ የመውጫ ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ፣ ሄደሽ እናትሽን አይተሽ ትመጪያለሽ፣ ወላሂ" አለኝ። እሱም እንግዲህ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሯል።

ደግሞ ኒዕማም አለች፣ ከሁሉ ያልገባችኝ እሷ ናት። ኒዕማ ስትቆጣ እንጂ ስትለሳለስ አላውቃትም። ከዒድ ወዲህ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ "እህቴ፣ ጁምዓ ሶባ ነዪ፣ የወሎ ልጆች እንሰባሰባለን፣ ዱዓ አለ" ትላለች፣ እህቴ! ልጄ ነበር የምትለኝ። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ከሁለት ሴቶች ጋር እስከ በሩ መጣች፣ ማዳም እንግዳ አታስገባምና በሩ ላይ ቆመን ተያየን፣ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ምን ነው ብላት "ምንም፣ ልይሽ ብዬ ነው፣ በይ ጁምዓ አትቅሪ" ብላ እጄን ይዛ ቆየች፣ መዳፏ ያልበዋል። ሰው በነጻ አይለሳለስም። በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ልታስገባ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፣ ሁለቱን ሴቶች ቤቱን ልታሳያቸው ነው ያመጣቻቸው። ወይም ከፖሊስ ጋር ተነጋግራ ይሆናል። ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት፣ ከካፉሪ ሶባ ድረስ? መሃል ገበያው ሱቅ ዐረቢ ወርጄ ሌላ ሚኒባስ ስጠብቅ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ቢመጣ፣ ወረቀት አሳዪ ቢሉኝ፣ በዚያው ጭነው እስር ቤት ነው፣ አንዷ የወሎ ልጅ ሀኒፋ እንዲያ አይደል የተያዘችው፣ አፈሳው ሲመጣ ብርቱካን እየገዛች ነበር። ሦስት ጁምዓ ጠራችኝ፣ ሦስቴ ሥራ አለብኝ አልኳት። እማ "ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር" ትል ነበር፣ በዚህ ምክር ነው ስድስት ዓመት ሳልያዝ የኖርኩት።

አሁን የሚያሳስበኝ ኢሳ ነው። ቆይ፣ ቀስ ብዬ ላስበው። ስለ ጣቢያው ጠይቄው ቢመልስልኝ፣ ይህ ሰውዬ እሑድ በስብሰባ ላይ "ከውስጥ ሰው አጣርተናል" ቢል፣ እነዚያም ከውስጥ ማን ነው ብለው ቢፈልጉ፣ የእህቱ ስልክ ከካርቱም፣ ከዚያ ባለሥልጣን ቤት፤ አንድ ዘበኛ አጥሩን ሲዞር ይያዛል፣ ፊሽካውን ይቀሙታል፣ እኔ መሐንዲስ ነው ብዬ ስለዋሸሁ በመሐንዲስ ልክ ነው የሚፈረድበት። እማንስ ማን ያያታል? ስለዚህ ቆርጫለሁ። ሂሻም አማርኛ አያውቅም። ኢሳን ስለ እማ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ስለ እማ ይመልሳል፣ እኔ ለሂሻም በዐረብኛ የፈለግሁትን አወራለሁ፤ ብልሽት ነው ብሏል እለዋለሁ፣ ወይም ሆን ተብሎ ነው ብሏል እለዋለሁ፣ የትኛውን ብል ነው ካዝናው የሚከፈተው? ሆን ተብሎ ነው ብለው ደስ ይለዋል፣ የጠረጠረው ልክ ስለሆነለት። ግን አገሬን በሐሰት እከሳለሁ። ብልሽት ነው ብለው አያምነኝም። እየተገላበጥኩ ሳስብ አዛኑ ጀመረ፣ ወለሉ ላይ የእኔ መልክ በላብ ታትሟል፣ ተነሣሁ፣ ሻርፔን አሠርኩ፣ ሻዩን ጣድኩ።

በረንዳው ላይ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ተቀምጧል፣ ማስታወሻው ጉልበቱ ላይ ነው። "ያላ ሬሕማ፣ ደውዪ፣ ድምፁን ክፈቺው" ይላል። የራሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶታል፣ እየቀዳ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ጠራ፣ ጠራ፣ ኢሳ አነሣ።

"እታለም! ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። እማ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ያው ስልኳ ቻርጅ የለውም እንጂ ደህና ናት።"

"ሳሏስ?"

"ተሽሏታል፣ እየተሻላት ነው።"

ሂሻም እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። "ከሕረባ፣ ያ ሬሕማ፣ ከሕረባ! ስለ መብራቱ ጠይቂው።"

"ማነው እሱ?" አለ ኢሳ።

"የቤቱ ጌታ ነው፣ ተወው።"

"ከሕረባ ነው እኮ የሚለው፣ መብራት ጠፍቶባችሁ ነው?" መተማ ያደገ ልጅ ይህቺን አያጣትም። ልከለክለው አፌን ከፈትኩ፣ እሱ ግን ቀደመኝ፣ መሐንዲስ ያደረግሁት ሰው እንደ መሐንዲስ መለሰ። "ከእኛ እንዳይመስለው ንገሪው! ጣቢያው እንደሁ ሌት ተቀን ሲያጉረመርም ነው፣ አንድም መስመር አልጠፋም፣ እዚያው ከእነሱ ዘንድ አንድ ነገር ተቃጥሎ ይሆናል። ኧረ እንዲያውም ለእኛም ገባልን! ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንደር አራት ብታዪው በየቤቱ አምፖል ነው፣ ገዛኸኝ ሶላሩን ሸጦ የጸጉር ማሽን ገዝቶ..."

ቆመ።

ሰው እየተናገረ ሲቆም የሚሰማ ድምፅ አለ፣ የምላስ መያዝ ነው፣ እሱን ሰማሁ። ብልሽት ነው ሲሉሽ ሌላው ነገር ይሠራ እንደሆን ተመልከቺ። ተመለከትኩ። መስመሩ ይሠራል፣ አምፖሉ ይሠራል፣ የገዛኸኝ የጸጉር ማሽን ይሠራል።

"በየቤቱ ነው ያልከኝ?"

"እታለም..."

"እማ ቤትም ገብቷል?"

"ገብቷል።"

"ታዲያ ስልኳ ለምንድን ነው ቻርጅ የሌለው ኢሳ?"

መስመሩ በተቆረጠ ብዬ ለመንኩ፣ በሌላ ቀን ሁለት ቃል ሳንነጋገር የሚቆረጠው ዛሬ ጥርት ብሎ የትንፋሹን መቆራረጥ ሁሉ ያመጣልኛል። "መቼ ነው?" አልኩት። ማን ምን ሆነ አላልኩም።

"ረመዷን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው" አለና ድምፁ ተሰበረ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ዱላና ፊሽካ ያለው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ፣ ብቻዋን በሰው አገር እንዴት ትሆናለች አሉ ሽማግሌዎቹ። ለኒዕማ ነገርናት፣ ሰው ሰብስባ ልትነግርሽ። ሦስት ጁምዓ ጠበቅንሽ፣ ኒዕማ ብንለምናት አትመጣም አለችን፣ ቤትሽ ድረስ መጥታም በሩ ላይ መንገር አልቻለችም..."

እናቴ ሞታለች። በዒዱ ቀን ዒድ ሙባረክ ብላሻለች ሲለኝ ከአፈር በታች ነበረች። አገርን ጠረጠርኩ፣ መርከብን ጠረጠርኩ፣ እጄን ይዛ የቆየችውን ሴት ጠረጠርኩ፣ ሶባ ላይ ሴቶቹ ተሰብስበው ሊያለቅሱልኝ ሦስት ጁምዓ ሲጠብቁኝ እኔ ፖሊስ ነው ብዬ እዚህ ድስት ፈተግሁ፤ ኢሳን ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም።  ስድስት ዓመት ቆሜ በማስተናግድበት በረንዳ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ምን አለ?" ይላል ሂሻም። "ሬሕማ፣ ምንድን ነው ያለው?"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩት።

ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ማን ነው?"

"እናቴ።"

ተነሣ። ጀላቢያውን አስተካከለ፣ ሁለቱን መዳፎቹን ወደ ላይ ዘረጋና "አልፋቲሓ" አለ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ልቅሶ ቤት እንደገባ ሰው፣ እኔም ዘረጋሁ፣ እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ከልቡ ነው፣ ዓይኑ ውስጥ ውሃ አለ፣ ይህን አልጠረጥርም። ፊታችንን አበስን። አላህ ይዘንላት፣ ጀነት ያግባት አለ፣ ፓስፖርትሽን ነገ በእጅሽ አደርገዋለሁ አለ፣ አሚን አልኩ። ኢሳ ስልኩ ውስጥ ገና ያለቅሳል። ሂሻም ቆሞ ጠበቀ፣ ሰው ለሐዘንተኛ የሚጠብቀውን ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጨመረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማስታወሻውን አነሣና እንዳያስቀይመኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መስመሮቹን ግን..." አለ፣ "ሁሉም ይሠራሉ ነው ያለው?"

"ሁሉም። አንድም አልጠፋም ብሏል። መንደራችንም ገብቷል።"

"ታምኚዋለሽ?"

"ስለ መብራቱ አምነዋለሁ ኡስታዝ" አልኩት፤ ጻፈው።